ስለ እጅ ባትሪ አመራረጥ

ለቤት የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው እንግዳ ሲመጣ የሚታይ፣ ሁለተኛው ችግር ሲመጣ የሚፈለግ ነው። ምንጣፍና ብርጭቆ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ ገመድ፣ መጥረቢያ፣ ጃንጥላና የእጅ ባትሪ ግን ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ሰው የመጀመሪያውን ሲገዛ ብዙ ይመረምራል፤ ባለቤቱን ያማክራል፤ ሦስት አራት ሱቅ ይዞራል። ለሁለተኛው ግን ከመንገድ ዳር ያገኘውን አንሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ በቤተሰብ ገጽ ስለ እጅ ባትሪ ጥቂት ቃል ብንጽፍ፣ ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይም ጥቅሙ ትንሽ እንደማይሆን ተስፋ እናደርጋለን።

ወለጋን ያየ ሰው ምክንያታችንን በቶሎ ያስተውለዋል። የነቀምት ከተማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ዝናቡም ከግንቦት እስከ መስከረም ሳይታክት ይዘንባል። ከእርሷ ተነሥቶ የዴዴሳን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆ፣ ወደ መንዲና ወደ ደምቢ ዶሎ የሚሄድ፣ ወይም ወደ አርጆ፣ አለዚያም ወደ ሻምቡ የሚታጠፍ መንገደኛ ጭጋግና ጭቃ ምን እንደ ሆኑ ያውቃል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር ሲገባም የእግር መንገዱ በቡና ጥላና በበቆሎ እርሻ መካከል ስለሚያልፍ ጨለማው ከሌላው ስፍራ ቀድሞ ይመጣል። እኛም በፍርድ ቤት ጽሕፈት የምናገለግል ሰዎች የወሰን ክርክር ሲነሣ ከዳኞች ጋራ ወደ ቦታው ወርደን፣ ድንበሩን አይተን፣ የምስክሮችን ቃል ጽፈን የምንመለስ ስለሆነ፣ በጧት የተጀመረው ሥራ ብዙ ጊዜ በሌሊት ያልቃል።

በከተማም ቢሆን ሰው ከእጅ ባትሪ ነጻ አልወጣም። የፊንጫ ወንዝ በሆሮ ጉዱሩ ተገድቦ ከ1973 ዓመት (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ጀምሮ ለአገሪቱ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሆኖ ሳለ፣ በክረምት ነጐድጓድ ሲበረታ መብራት የሚጠፋበት ሌሊት ጥቂት አይደለም። በዚያን ጊዜ መዝገብ ቤት ገብቶ ከመደርደሪያ ላይ ፋይል ለሚፈልግ ጸሐፊም፣ ለነገ ፈተና ለሚያጠና ልጅም፣ የታመመ ሰው ለሚያስታምም ቤተሰብም መብራቱ የግድ ነው።

የእጅ ባትሪ የመጣበት ዘመን ረጅም አይደለም። እኛ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን በጧፍና በኩራዝ እናነብ ነበር፤ ኋላም በሚስዮን ትምህርት ቤት ፋኖስ አየን። ደረቁን የባትሪ ድንጋይ በጀርመን አገር ካርል ጋስነር የተባለው ሐኪም በ1886 ዓመት የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። ድንጋዮቹን በቱቦ ውስጥ ደርድሮ፣ በአፉ ላይ አምፖልና አንጸባራቂ አድርጎ በእጅ የሚያዝ መብራት የሠራው ዴቪድ ሚዜል በአሜሪካ መብቱን የተቀበለው ደግሞ በ1899 ዓመት በጃንዋሪ 10 ቀን ነው። የነቀምት ሰው ይህን ዓመት በሌላ ምክንያት ያውቀዋል፤ አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋራ ደክሞ ያዘጋጀው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና የታተመው በዚሁ በ1899 ዓመት ነበርና። አናሲሞስም በ1904 ዓመት ወደ ነቀምት መጥቶ ልጆችን ፊደል አስተማረ። በኦሮምኛ ብርሃን «ኢፋ» ይባላል፤ የቃል ብርሃንና የእጅ ብርሃን በአንድ ዓመት መገኘታቸውን ስናስብ ደስ ይለናል።

የመጀመሪያዎቹ የእጅ ባትሪዎች ግን ድንጋያቸው ደካማ ስለ ነበረ ለረጅም ጊዜ ሊበሩ አይችሉም ነበር፤ ሰው ብልጭ አድርጎ አይቶ ያጠፋቸዋል። በእንግሊዝኛ ስማቸው «የብልጭታ መብራት» መባሉ ከዚህ የመጣ ነው። ከዚያም በኋላ በአምፖል የሚሠራው ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪ ለብዙ ዘመን በየቤቱ ቆየ። በመጨረሻም ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ የተባሉት የጃፓን ተወላጆች ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠውን ኤል ኢ ዲ ሠርተው ነጭ ብርሃን እንዲገኝ መንገድ ስለ ከፈቱ በ2014 ዓመት የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የዛሬው የእጅ ባትሪ ሁሉ የእነርሱ ድካም ፍሬ ነው። ሆኖም የድሮው ጥያቄ፣ ማለት «እስከ መቼ ይበራል?» የሚለው፣ ዛሬም አልተሻረም።

ይህን ስንል በዓይናችን ያየነውን እንናገራለን። በአንድ ክረምት፣ በነሐሴ ወር፣ ስለ ወሰን ክርክር ወደ ገጠር ወርደን ባደርንበት መንደር አንዲት ሴት ምጥ ጸናባት። መኪና የሚደርስበት መንገድ በእግር ከሁለት ሰዓት በላይ ይርቅ ስለ ነበረ የመንደሩ ወንዶች ቃሬዛ አበጁ፤ እኛም አብረን ወጣን። ዝናቡ ያካፋ ነበር። አንድ ጎልማሳ ከገበያ በቅርቡ የገዛውን ትልቅ ባትሪ ይዞ ከፊት ቀደመ፤ በሳጥኑ ላይ 20,000 ሉመን የሚል ተጽፎበት እንደ ነበረ በኩራት ነገረን። በእውነትም ሲያበራው የዛፎቹ ጫፍ ሳይቀር ነጣ፤ ሁሉም አደነቀ። ነገር ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ብርሃኑ ደከመ፤ ጥቂት ቆይቶም ከወንዙ ላይ ከተጋደመው የግንድ ድልድይ አጠገብ ስንደርስ ፈጽሞ ጠፋ። ያን ሁሉ ብርሃን ያየ ዓይን በድንገት ጨለማ ሲገጥመው ከዕውር አይሻልም፤ ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች እግራቸውን ከየት እንደሚያኖሩ አጥተው ቆሙ፤ ሴቲቱም ትጮኽ ነበር።

በዚያን ጊዜ የባሏ እናት፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ወይዘሮ፣ ከጋቢያቸው ሥር አንዲት ትንሽ ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪ አወጡ። ሌሊት ጥጃ የሚያዩባት ነበረች፤ ድንጋዮቹንም ከውስጧ አውጥተው በጨርቅ ቋጥረው ለብቻ ይዘዋቸው ነበር። ድንጋዮቹን በጨለማ እየዳሰሱ አገቡ፤ አበሩም። ብርሃኗ ከአሥር እርምጃ አያልፍም። እርሳቸው ግን ከፊተኛው ተሸካሚ ጎን ሆነው ወደ መሬት ዝቅ አድርገው ያዟት። ተሸካሚው «ሃርሜ፣ ወደ ግራ ያብሩልን» ሲላቸው ወደ ግራ ያበራሉ፤ «ልጆቼ፣ የሩቁን ተዉት፤ እግራችሁን እዩ» እያሉም ያበረታቱ ነበር። እንዲህ እያልን ድልድዩን ተሻገርን፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማም ከመኪናው መንገድ ደረስን። ሴቲቱ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዳ ጎሕ ሲቀድ በሰላም ተገላገለች። ትንሺቱ ባትሪ እስከዚያ ድረስ አልጠፋችም።

ዳዊት የደገመ ሁሉ መብራት ለእግር እንደ ተሰጠ ያውቃል፤ ለዛፍ ጫፍ አይደለም። ስለ አሥሩ ደናግል የተነገረውን ምሳሌ የሰማም ሁሉ የአሥሩም መብራት በመጀመሪያ በርቶ እንደ ነበረ ያስታውሳል፤ ልባሞቹን ከሰነፎቹ የለያቸው የመብራቱ ድምቀት ሳይሆን በማሰሮ የያዙት ዘይት ነበር። ስለዚህ የእጅ ባትሪ ሊገዛ የወጣ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ምን ያህል ይደምቃል?» ብሎ ሳይሆን «በምፈልገው ድምቀት ስንት ሰዓት ይቆያል? ሲያልቅስ በምን እተካዋለሁ?» ብሎ ነው።

ይህን ለመረዳት ጥቂት ስለ መለኪያው ማወቅ ይጠቅማል። ከባትሪው የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ መጠን በሉመን ይለካል፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚወረወረው ብርታት ግን በካንዴላ ይለካል። ሰነድ ለማንበብ ከ10 እስከ 50 ሉመን ይበቃል፤ ከዚያ የበለጠው ከነጭ ወረቀት ላይ ተመልሶ ዓይን ይወጋል። የእግር መንገድ ለመሄድ ከ50 እስከ 150 ሉመን መልካም ነው። የጠፋ ከብት ለመፈለግ ወይም ከሩቅ የሚንቀሳቀሰውን ለመለየት 500ም 1,000ም ቢሆን ይጠቅማል፤ ይህ ግን ለጥቂት ደቂቃ የሚያስፈልግ ነው። ብርሃን በሩቅ በሄደ መጠን ይሳሳል፤ በ200 ሜትር ያለውን ነገር የሚያሳየው ባትሪ በ400 ሜትር ያለውን በዚያው መጠን እንዲያሳይ ብርታቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት እንጂ ሁለት እጥፍ አይበቃም። ስለዚህ ሩቅ ለማየት የሚከፈለው ዋጋ ብዙ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ድምቀት እየተለዋወጠ የሚሰጥ ባትሪ ነው።

በሳጥን ላይ የተጻፈውን በተመለከተ፣ የፍርድ ቤት ሰው እንደመሆናችን አንድ ነገር እንናገራለን፤ የተከራካሪ ቃል ያለ ማስረጃ እንደማይጸና ሁሉ የነጋዴ ጽሑፍም ያለ ሒሳብ አይጸናም። በዛሬ ጊዜ ብዙ ባትሪዎች ውስጥ የሚገባው ሊቲየም ድንጋይ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስሙም ከዚሁ የተነሣ 18650 ይባላል። የእውነተኛው አቅም ብዙውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። እንግዲህ በላዩ 9,900 የሚል የተጻፈበት ድንጋይ ሐሰተኛ ነው። 3,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 11 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ መልካም ኤል ኢ ዲ በአንድ ዋት 100 ሉመን ያህል ይሰጣል። በዚህ ሒሳብ አንድ ድንጋይ 100 ሉመንን አሥር ሰዓት ያህል፣ 1,000 ሉመንን አንድ ሰዓት ያህል ሊያበራ ይችላል። 20,000 ሉመን የተባለው እውነት ቢሆን ኖሮ ግን 200 ዋት ይበላ ስለ ነበረ ድንጋዩ ከሦስት ደቂቃ ብዙም ባላለፈ ነበር፤ እጅንም ባቃጠለ ነበር። በአሜሪካ በ2009 ዓመት ኤፍ ኤል 1 የተባለ የእጅ ባትሪ መለኪያ ደንብ ወጥቷል፤ በዚህም ደንብ የቆይታው ሰዓት የሚቈጠረው ብርሃኑ ከመጀመሪያው አንድ አሥረኛ እስኪደርስ ድረስ ነው። ስለዚህ በሐቀኛው ፋብሪካ ሳጥን ላይ እንኳ «አሥር ሰዓት» ሲባል አሥሩም ሰዓት እኩል ይደምቃል ማለት አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው የኃይሉ ምንጭ ነው። በከተማ ለሚኖርና ኤሌክትሪክ ለሚያገኝ ሰው በስልክ ገመድ የሚሞላው ባትሪ ወጪ ያቀልለታል። ወደ ገጠር ለሚወርድ ሰው ግን በየትኛውም የገበያ ሱቅ የሚገኘው ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ የሚገባበት ባትሪ ይሻለዋል፤ አልቆ ቢጨልምበት ከነጆም ከመንዲም ሱቅ ገዝቶ ይተካልና። በፀሐይ የሚሞላው በበጋ መልካም ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ፀሐይዋ ራሷ በደመና ስለምትሸፈን በእርሱ ብቻ መታመን አይገባም። አንዳንድ ሰዎች «የስልኬ መብራት ይበቃኛል» ይላሉ። ለቤት ደጅ ይበቃ ይሆናል፤ በመንገድ ላይ ግን ስልኩን ለመብራት የጨረሰ ሰው እርዳታ የሚጠራበትን አፍ ዘጋ ማለት ነው።

ስለ ጽናቱም እንዲህ ነው። በሱቅ ውስጥ ባትሪውን ከፍቶ በክዳኑ ጥምዝ ላይ የጎማ ቀለበት መኖሩን ማየት ይገባል፤ ውሃ የሚከለክለው እርሱ ነው። በሳጥኑ ላይ አይ ፒ ኤክስ 4 የሚል ካለ ዝናብን ይችላል ማለት ነው፤ አይ ፒ ኤክስ 7 የሚል ካለ በአንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ሠላሳ ደቂቃ ቢቆይ አይበላሽም ማለት ነው። ወንዝ ለሚሻገር ሰው ሁለተኛው ይመረጣል። ማብሪያውን ሃያ ጊዜ ያህል ማብራትና ማጥፋት፣ እየበራም ማወዛወዝ መልካም ነው፤ በዚህ ጊዜ ብልጭ ድርግም የሚል ባትሪ በጭቃ ላይ ወድቆ አይነሣም። አሥር ደቂቃ አብርቶ ማቆየትም ይገባል፤ ሐቀኛ ነጋዴ ይህን አይከለክልም። ሊቲየም ድንጋዩም በእጅ ይመዘን፤ እውነተኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ያህል ስለሚመዝን ቀሎ የተገኘው አያስተማምንም።

የብርሃኑን ቀለም ብዙ ሰው አያስበውም። ወደ ሰማያዊ ያደላው ነጭ ብርሃን ደማቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በጭጋግ ውስጥ ነጭ መጋረጃ ይሆናል፤ ርካሽ በሆነውም ላይ ቀይና ቡናማ ቀለም አይለይም። በቁስል ላይ ያለው ደም ይሁን ጭቃ፣ በወረቀት ላይ ያለው ማኅተም ሐምራዊ ይሁን ጥቁር፣ ለማየት የሚፈልግ ሰው ጥቂት ወደ ቢጫ ያደላውን ቢመርጥ ይሻለዋል። በጭጋግም ጊዜ ባትሪውን ከወገብ በታች ዝቅ አድርጎ መያዝ ይረዳል።

ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ባትሪ አያስፈልገውም። ለጸሐፊና ለተማሪ ዝቅተኛ ድምቀት ያለው ትንሽ ይበቃዋል። የበቆሎ ማሳ ከማማ ላይ ሆኖ ከአሳማና ከጃርት ለሚጠብቅ፣ ወይም በጊምቢ አገር ቡና በተሰጣበት አልጋ አጠገብ ለሚያድር ዘበኛ ሩቅ የሚወረውር ይሻለዋል። በሌሊት ከብት የምታልብና እሳት የምታነድ የቤት እመቤት ግን ሁለት እጇ ነጻ እንዲሆን በግንባር የሚታሰረው ይጠቅማታል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ባትሪ ሲገዛ ለራሱ ጉዞ ብቻ አስቦ የሚገዛ ከሆነ ሥራውን ግማሽ ሠራ፤ እርሱ በመንገድ ሳለ ቤቱ በጨለማ ይቀራልና።

ከተገዛም በኋላ አያያዝ ያስፈልገዋል። ለብዙ ቀን የማይበራ ከሆነ ድንጋዮቹን አውጥቶ ማኖር ይገባል፤ አለዚያ ፈሳሽ አውጥተው ውስጡን ይበሉታል። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አንድ ላይ ማግባት አዲሱንም ማጥፋት ነው። በቀድሞ ጊዜ ተማሪዎች ያለቀውን ድንጋይ ወቅጠው በጥላሸቱ ጥቁር ሰሌዳ ይቀቡ ነበር፤ ብናኙ ለሳንባ መልካም ስላልሆነ ልጆች እንዳይቀጠቅጡት፣ በጓሮና በምንጭ አጠገብም እንዳይጣል መጠንቀቅ ነው። ያበጠ ሊቲየም ድንጋይ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ዳግመኛ አይሞላም።

ደግሞም በሰው ፊት ላይ ባትሪ ማብራት ነውር መሆኑን ለልጆቻችን ማስተማር ይገባል። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፤ ይህን ያህል የደከመበትን በአንዲት ብልጭታ ያጣዋል። በሌሊት የሚገናኙ መንገደኞች ብርሃኑን ወደ መሬት ዝቅ አድርገው ሰላምታ ቢሰጣጡ ከስድብም ከጥርጣሬም ይድናሉ።

በመጨረሻም ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምንመክረው ይህ ነው። የቤታችሁ ባትሪ በታወቀ ስፍራ፣ ከበሩ አጠገብ በሚስማር ላይ ይሰቀል፤ ትንሹ ልጅ እንኳ በጨለማ እጁን ዘርግቶ እንዲያገኘው። ትርፍ ድንጋይም በጨርቅ ተቋጥሮ ከአጠገቡ ይኑር። በወር አንድ ቀን፣ ለምሳሌ በወሩ መባቻ፣ እየተበራ ይፈተን። የታመመ ሰው ይዞ መውጣት የሚመጣው ሳይነገር ነውና፣ በዚያች ሰዓት ወደ ሱቅ የሚሄድ የለም።